የብሩ ሳጥን ክዳን እምቢ ያለ ዕለት

የልጅ ልጄን አሉዋንን እሳት ዳር ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ይበርዳታል ብዬ ነው።

ልጄና ሚስቱ በአንድ ክረምት ወረርሽኝ ሲሄዱብን እሷ ገና በመጠቅለያ ነበረች። በቤታችን ቀኑን ሙሉ እሳት የማይጠፋበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የባሌ የዱዋን ወርቅ መሥሪያ። እዚያ ወስጄ፣ ጠቅልዬ ጠቅልዬ፣ ወናፉ አጠገብ በቅርጫት አኖርኳት። ካኖርኳት በኋላ ደግሞ ፍንጣሪ ይነካት ይሆን ብዬ ቀኑን ሙሉ ከበሩ ሳልነቃነቅ እቆማለሁ። ሥራ ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ በእኔ ብብት ሥር አጎንብሶ ነበር የሚገባው። ልጅቷ ታዲያ በመዶሻ ድምፅ ተኝታ በመዶሻ ድምፅ እየነቃች አደገች። የጎረቤት ሴቶች ልጆች በአሻንጉሊት ሲጫወቱ እሷ ጣቷን በምራቋ እያራሰች ከጠረጴዛው ላይ የወርቅ ብናኝ ትለቅም ነበር። ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ እንደ ሰናፍጭ ያሉ የወርቅ ፍሬዎችን በመርፌ ጫፍ እያነሳች በሰልፍ ትበይዳለች። ባሌ፣ ሽማግሌዬ፣ «ብርድ ፈርተሽ አንጥረኛ አደረግሻት» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ጉንፋን ግን አልያዛትም። ማለቴ፣ ብዙ አልያዛትም፤ በየጸደዩ ትንሽ ያስላታል።

ይህን የማወራው ከከተማችን በላይ ያለው የመነኮሳይቱ ገዳም ፓጎዳ፣ ያ ደርብ በደርብ የሚወጣው የጸሎት ግንብ፣ እንደገና በታነጸበት ዓመት ስለሆነው ነው። አሮጌው በመሬት መንቀጥቀጥ ወድቆ ነበር። ፍርስራሹን ሲያነሱ ከሥሩ አንድ የሸክላ እንስራ ተገኘ፤ ውስጡ የቡድሃ አጽም፣ እንደ ሩዝ ፍሬ የነጣና የሚያበራ። እመ ምኔቷ ጂንግሁዪ ለአጽሙ አዲስ ማደሪያ እንዲሠራ አዘዙ። አሠራሩ የታወቀ ነው። አጽሙ በትንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ ይገባል፤ ጠርሙሱ በወርቅ ሳጥን፤ የወርቁ በብር ሳጥን፤ የብሩ በድንጋይ ሳጥን። ከዚያ ከፓጎዳው ሥር ባለው ጓዳ ወርዶ በሩ ይታተማል፤ ከዚያ ወዲያ ሰው አያየውም። በህንድ አገር አጽሙን በማሰሮ ያኖሩታል ይባላል። እኛ ግን ለሞተ ሰው የምናውቀው ቤት የሬሳ ሳጥን ስለሆነ፣ የወርቁንም የብሩንም በራስጌ ከፍ፣ በግርጌ ዝቅ አድርገን እንደ ትንሽ የሬሳ ሳጥን ነው የምንሠራው።

ሥራው ለእኛ ቤት ተሰጠ። የሽማግሌዬ ዓይን ግን በዚያን ጊዜ ሞራ ሸፍኖት ብርሃንን ከጥላ ከመለየት በቀር አያይም ነበር። ስለዚህ የብሩን ለወንድሙ ልጅ ለቼንግዪ ሰጠ። የወርቁን ለአሉዋን።

ጉዱ የፈላው ይኼኔ ነው። በእኛ ሙያ ጠዋት ጠዋት ምድጃውን የሚለኩሰው የቤቱ ዋና ብቻ ነው። ሌላው ቀድሞ ቢመጣ እንኳ እጁን በእጅጌው ሸጉጦ ይጠብቃል። የሽማግሌዬ እጅ እሳቱን መለኮስ ሲያቅተው ማን ይለኩሰው የሚለው ነገር በጎሳችን ሽማግሌዎች ዘንድ ካለቀ ቆይቷል። ቼንግዪ ወንድ ነው፣ ስለዚህ ቼንግዪ። አሉዋንን ደግሞ ከሊያንግጆው የመጣች አማጭ ለአንድ የግመል ነጋዴ ልጅ ጠይቃታለች። ሊያንግጆው! ነፋሱ የሰው ጆሮ ይዞ የሚሄድበት፣ አሸዋው ሾርባ ውስጥ የሚገባበት አገር። ልጅቷ ደግሞ ያስላታል ብያችኋለሁ። አማጯ ልጁ ትሑት ነው፣ ግመሎቹም ትሑቶች ናቸው አለችኝ። ግመል ትሑት ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ሽማግሌዬ የጎሳውን ታላቅ ቤታችን ጠርቶ ወይን ቀዳለትና አንድ ነገር ለመነው፤ ጓዳው የሚታተምበት ቀን እስኪደርስ ቆዩ አለ። የአሉዋን ሳጥን በሕዝብ ፊት ያለ እንከን ወደ ጓዳው ከወረደ እሳቱ የእሷ ይሁን፤ ባልም ወደ እኛ ቤት ይምጣላት። እንከን ከተገኘበት ግን ቼንግዪ ይለኩስ፣ እሷም ወደ ሊያንግጆው ትሂድ። የጎሳው ታላቅ ጺሙን እየዳበሰ እሺ አለ። እሺ ያለው እንከን እንደማይጠፋ ስላመነ ነው፤ ወይኑም ጥሩ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

አሉዋን ግን ታንጎራጉራለች። የወርቁን ቅጠል ሙጫ ላይ ዘርግታ ከጀርባው እየወቃች ሥዕሉን ታወጣለች፤ በራስጌው በኩል የሎተስ አበባ፣ በጎኑ የሚያለቅሱ ደቀ መዛሙርት። አንደኛው ደቀ መዝሙር አፍንጫውን ሲጠርግ አሳይታዋለች። ይኼ አክብሮት ነው ወይ ብላት፣ «መምህሩ የሞተበት ሰው አፍንጫው አይፈስም?» አለችኝ። ሙሉ ቀን ከተጎነበሰች በኋላ አንገቷን ቀና ስታደርግ አጥንቷ ሲንቋቋ እኔ በሩ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

የዱዋን ቤት ኩራት ክዳን ነው። የእኛ ቤት ክዳን ሲዘጋ ይተነፍሳል። ጠርዙ ከጠርዙ ጋር በጣም ስለሚስማማ በውስጡ ያለው አየር ቀስ ብሎ፣ «እፍፍ» ብሎ ነው የሚወጣው። ቋ ካለ የሌላ ሰው ሥራ ነው። ዝም ካለ ደግሞ ላልቷል። አሉዋን የሁለቱንም ሳጥን ልክ ስታወጣ ታዲያ ለአየር እንኳ አዘነች ለማለት ይቸግራል፤ ጸጉር አያስገባም። በወርቁና በብሩ መካከልም የተወችው እመ ምኔቷ ያሉትን ብቻ ነው። እመ ምኔቷ የወርቁ ሳጥን በአንድ ስስ ሐር ይጠቀለላል ብለዋል፤ እሷም የአንድ ስስ ሐር ያህል ተወች።

እኔ ልክ ልክ የሆነ ነገር አልወድም። ልብስ ስሰፋ ለእድገትም፣ ለብርድም፣ ለማይታወቅም ነገር እተዋለሁ።

«ትንሽ ሰፋ ብታደርጊው ምን አለ» አልኳት።

«አያቴ፣ አጥንት አያድግም።»

«ማን ነው ያለሽ? ቅን ሰው ባለበት ይበዛል ብለው እመ ምኔቷ ራሳቸው ተናግረዋል። ከበዛ የት ሊተኛ ነው?»

ጉጠቱ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ሲበዛ ሌላ እሠራለታለሁ አለችኝ።

ወደ ቼንግዪ ሄድኩ። ቼንግዪ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ክፋት የሌለበት፣ ጠዋት መነሳት የሚጠላ ሰው ነው፤ ሳቁ ብቻ ከሰውነቱ ይበልጣል። የብሩን ትንሽ ሰፋ አድርገው ብለው፣ «አክስቴ፣ ለሳጥኑም ካባ ሊሰፉለት ነው?» አለኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዬ። እሱ ደግሞ የተኛ መሰለ፤ ሲያስመስል አውቀዋለሁ፣ ተኝቶ አያንኮራፋም።

የቀረኝ ድንጋይ ጠራቢው ሙ ነበር። ሙ ዘንድ አንድ ጠዋት ሄድኩ፤ እንደገናም ሄድኩ፤ ዝናብ ሲዘንብም ሄድኩ። ድንጋይ ይቀዘቅዛል፣ ብርም ይቀዘቅዛል፣ በመካከላቸው ትንሽ ቦታ ቢኖር ምን ይጎዳል እያልኩ። በመጨረሻ መሮውን አስቀምጦ፣ ምን ያህል እንደምፈልግ በእጄ እንዳሳየው ጠየቀኝ። አሳየሁት። ከፊቱ እንድጠፋለት ብቻ ሲል ያሳየሁትን ያህል ጠረበው። ቼንግዪ ያንን የድንጋይ ሳጥን ሲያይ የብሩ ሳጥን በውስጡ ድስት ውስጥ እንዳለች አተር ይንከባለላል ብሎ በመሥሪያው ያለውን ሁሉ አሳቀ። ትልቅ ነው ብሎ ያለቀሰ ሰው አላየሁም።

ሥራው ሲያልቅ ወርቁን በአንድ ስስ ሐር ጠቅልለው በብሩ ውስጥ ከተው ሞከሩት። ሽማግሌዬ ጆሮውን አዘንብሎ ተቀምጧል። የወርቁ ክዳን እፍፍ አለ። የብሩም እፍፍ አለ። ሽማግሌዬ ራሱን ነቀነቀ፤ ሳጥኖቹም ወደ ገዳሙ ተላኩ። እኔም ያን ቀን በደንብ በላሁ።

አሁን መጠቅለያው ላይ እንምጣ። በእኛ አገር መጠቅለያው የሴቶች ነገር ነው። አንጥረኛ አያየውም፤ መነኮሳይቱ ከመጋረጃ ጀርባ ይጠቀልሉታል። እመ ምኔቷ ለመጠቅለያው ጨርቅ መስጠት የምትወድ ምእመን ታምጣ ብለው አስነገሩ። ሐሳባቸው ከመጣው አንዱን ለመምረጥ ነበር። ግን በዚያ ገዳም የመጣን መባ መመለስ አይቻልም፤ ሰጪዋን ከበረከት ማራቅ ነው። ስለዚህ የመጣው ሁሉ ተወሰደ። የሰጠችውም ሁሉ፣ የእኔ ለወርቁ ቅርብ ይሁን ስትል፣ በር ላይ የምትቀበለው የዋህ መነኩሲት እሺ ትላለች።

እትዬ ፓን፣ የሆምጣጤ ነጋዴው ሚስት፣ ከአማቷ የወረሰችውን ድርጭት የተጠለፈበት ቀይ ሐር አመጣች፤ ውፍረቱ ለፈረስ ይሆናል። ልጇ ድንበር ጥበቃ የሄደባት ሴት የልጇን የሕፃንነት የደረት ጨርቅ አመጣች። አንዷ የሠርግ መቀነቷን፣ አንዷ የሞተ ባሏን የራስ ጥምጥም። እኔም ሄድኩ። ከሣጥኔ ሥር አንዲት ሰማያዊ እጅጌ ነበረችኝ፤ የምራቴ ናት። ስትሞትብኝ ከቀሚሷ ቆርጬ አሉዋንን የጠቀለልኩባት። ያቺን ሰጠሁ። እኔም የእኔ ለወርቁ ቅርብ ትሁን አልኩ። እሺ ተባልኩ።

አንጥረኞቹ ስለ ጨርቁ አያውቁም፤ መነኮሳይቱ ስለ ልኩ አያውቁም። ሁለቱም ሥርዓታቸውን ጠብቀዋል።

የማኅተሙ ቀን የኮክ አበባ የሚረግፍበት ደስ የሚል ቀን ነበር። ሕዝቡ የገዳሙን ግቢ ሞላው፤ ልጆች ግንቡ ላይ ወጥተዋል፤ ይወድቃሉ ብዬ ስንቱን አወረድኩ፣ መልሰው ወጡ። ሰዓቱ የተመረጠው ከቀትር በፊት ነው። የፓጎዳው ጥላ ከታችኛው ደረጃ ሳይርቅ ጓዳው መታተም አለበት፤ ካለፈ ሌላ መልካም ቀን ያለው ከዝናቡ በኋላ በመኸር ነው። መነኮሳይቱ ደግሞ ቀትር ካለፈ እህል አይቀምሱም። ከማድ ቤት የእንጉዳይና የዝንጅብል ሾርባ እየሸተተ ስለነበር ጥላውን ከሁሉ አብልጠው የሚከታተሉት እነሱ ነበሩ።

የጎሳችን ታላቅ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አማጯ ከኋላው። ይህን ሁሉ መንገድ መልሱን ይዛ ለመሄድ መጥታለች።

መጋረጃው ተገለጠ። ሁለት መነኮሳይት የወርቁን ሳጥን ይዘው ወጡ። መጀመሪያ ሳየው ደስ አለኝ፤ እንዲህ ነው መጠቅለል አልኩ በልቤ። በክረምት እንደ ለበሰ ሕፃን ክብ ሆኗል። ቀጥሎ አሉዋንን አየኋት። ፊቷ ነጭ ሆኗል።

ቼንግዪ የብሩን ሳጥን ከፈተ። አልገባም። እመ ምኔቷ በመዳፋቸው ጫን አሉት። አልገባም። ቼንግዪ በሁለት አውራ ጣቶቹ ሲገፋው ግማሹ ገባ። ክዳኑን ሲያስቀምጡበት በትልቅ ራስ ላይ እንደ ተቀመጠች የልጅ ቆብ ሆነ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

«ምን ሆነ?» አለ ሽማግሌዬ። ወዲያው ደግሞ ራሱ መጠየቁን ተወ፤ ክዳኑ አልተነፈሰማ።

የጎሳው ታላቅ ጉሮሮውን ጠረገ። ሴት ልጅ የለካችው ነገር በቤት ሊሆን ይችላል፣ በአደባባይ ግን እንዲህ ነው አለ ለአጠገቡ ሰው፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ። አማጯ ቀና ብላ ተቀመጠች። እኔ የቡድሃ አሚታን ስም እጠራለሁ፤ በመካከሉ ሊያንግጆው፣ ሊያንግጆው የሚል ይገባብኛል።

እመ ምኔቷ ጥቂቱ ይውጣ አሉ። የማን? እዚህ ላይ ነገሩ ገነፈለ። እትዬ ፓን ከሁሉ ቀድማ ተነሳች።

«የእኔማ አይወጣም» አለች። «ለባሌ እናት መቃብሯ ላይ ቆሜ ጨርቅሽ ከወርቁ አጠገብ ነው ብያታለሁ። ታውቋታላችሁ እኮ፤ ሞታም አትተኛም።»

ሁሉም ያውቋታል፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። የወታደሩ እናት ግን የልጇ የደረት ጨርቅ ምን ቦታ ይይዛል አለች። ባለ መቀነቷ፣ መቀነቷ ስስ መሆኑን ለማሳየት በአየር ላይ እጇን ዘረጋች። ባለ ጥምጥሟ አለቀሰች። የየዋኋ መነኩሲት ስም ተነሳ፤ እሺ ያልሽን አንቺ ነሽ አሏት። እመ ምኔቷ መቁጠሪያቸውን መቁጠር ጀመሩ፤ ቀና አላሉም። ጥላው ደረጃውን ነካ።

እኔ ምን ላድርግ? ተነሳሁ። የእኔን አውጡት አልኩ፤ ሰማያዊዋን፣ ያቺ የእኔ ናት፣ ከሥር ናት፤ ለሕያው ልጅ ቦታ ይለቀቅ።

አሉዋን ወደ ጥቅሉ ጎንበስ ብላ ከጨርቆቹ መካከል የወጣችውን ሰማያዊ ጫፍ አየች። እጅጌዋን በቤት አሳይቻት አላውቅም፤ ታሳዝናታለች ብዬ ከሣጥኑ ሥር ነው ያኖርኳት። ግን አወቀቻት። ሕፃን በአፍንጫው ያውቃል መሰለኝ።

«ይቺ አትወጣም» አለች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «የማንም አይወጣም።»

የወርቁን ሳጥን ከብሩ ውስጥ አወጣችና ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። መጠቅለያዎቹን አንድ በአንድ ፈታች፤ እያንዳንዱን እያጠፈች በጎኗ ደረደረች። የመጨረሻውን ስታነሳ ወርቁ ራቁቱን ፀሐይ ላይ ቀረ።

እንግዲህ ይህን አስቡት። በሥርዓቱ ቢሆን ኖሮ ያንን ሥራ ማንም አያየውም ነበር። ተጠቅልሎ መጥቶ፣ ተጠቅልሎ ወርዶ፣ ለዘለዓለም በጨለማ። አሁን ግን ሎተሱ፣ እንደ ሰናፍጭ ያሉት ፍሬዎች፣ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ በረፋዱ ብርሃን ላይ ተዘረጉ። ግንቡ ላይ ያሉት ልጆች እንኳ ዝም አሉ። እትዬ ፓን ጠጋ ብላ አፍንጫውን የሚጠርገውን ደቀ መዝሙር አየችና ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ጠረገች። የጎሳው ታላቅ አንገቱን አስረዘመ፤ ሰው እንዳላየው ሲያስብ ደግሞ ተነሳና ቀረበ።

እመ ምኔቷ ግፊያው ጠርሙሱን ሰብሮት እንደሆነ ፈርተው የወርቁን ክዳን ከፈቱ። ጠርሙሱ ደህና ነው። ክዳኑን መልሰው ሲያስቀምጡት፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣

እፍፍ።

ሽማግሌዬ ፈገግ አለ። «ወርቁ ነው» አለ፤ ከዚያም በኋላ ፊቱ ከዚያ ድምፅ አቅጣጫ አልዞረም።

አሉዋን የእናቷን እጅጌ አነሳች፤ ከጠርዙ አንዲት ክር መዘዘች። ከእትዬ ፓን ቀይ ሐር አንዲት ክር ራሷ እትዬ ፓን እንድትመዝላት ጠየቀቻት። ሁለቱን በጣቶቿ መካከል አኑራ ልክ የወርቅ ሽቦ እንደምትገምደው ገመደቻቸው። ወርቅ ሲሠራ እንዲህ ነው፤ ስስ ስስ ሽቦዎች ተገምደው አንድ ቀጭን ገመድ ይሆናሉ፤ ቦታም አይፈጁም። ከሁላችሁም አንድ አንድ ክር ስጡኝ አለች፤ ገምጄ ወርቁን በእሱ አስረዋለሁ፤ የሁላችሁም ወርቁን ይነካል።

ባለ መቀነቷ ጠርጣራ ናት። የማን ክር ከሥር ሊሆን ነው ብላ ጠየቀች።

«በተገመደ ገመድ ውስጥ ማን ፊት፣ ማን ኋላ እንደሆነ ማን ያውቃል?» አለች አሉዋን።

እትዬ ፓን ይህን ለአማቷ እንዴት እንደምትነግራት ጥቂት አሰበችና እሺ አለች። እሷ እሺ ካለች የሚቀር አልነበረም።

ጨርቆቹስ የት ይሂዱ አሉ እመ ምኔቷ። መባ ነው፤ ወደ ቤት አይመለስም። ከብሩ ውጭ ይሁን እንዳይባል ከብሩ ውጭ ያለው የድንጋዩ ሳጥን ብቻ ነው፤ እሱም በልማድ ቦታ አይተርፈውም። ይኼኔ ቼንግዪ ወደ ድንጋዩ ሳጥን ዞረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሆዱ ተከተለ፤ እዚያ ቅዱስ ቦታ ላይ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ድስቱ! አለ። የአክስቴ ድስት! ድንጋይ ጠራቢው ሙ ከሕዝቡ መካከል ልኩን ራሱ ያሰበው ይመስል ራሱን ቀና አደረገ። እኔ ዙሪያዬን ቀስ ብዬ አየሁ፣ ማን እንደሚያየኝ ለማወቅ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሩጫ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ክር ይመዛሉ፤ የአንዷ ሲበጠስ ሌላዋ ትቆጣለች፤ ባለ ጥምጥሟ አንድ አይበቃም ብላ ሁለት ልታሳልፍ ስትሞክር ተያዘች። መነኮሳይቱ ከጥላው ወደ ክሩ፣ ከክሩ ወደ ማድ ቤቱ ያያሉ። ቼንግዪ የገመዱን ጫፍ እንዲይዝ ተደረገ፤ እንደ ዝንጅብል በወፈሩ ጣቶቹ መካከል ክሩ ስለማይታይ፣ ይዣለሁ ወይ እያለ ይጠይቃል። አሉዋን ገመደች። እኔ ጫፉን እንዳይፈታ በምራቄ እያራስኩ ቋጠርኩ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ የሆምጣጤ ቀለም ያለው፤ ሲያልቅ እንደ ቄጠማ ቀጭን ነበር። ወርቁን በእሱ አሰረችው፤ የሕፃን መቀነት በሚታሰርበት አስተሳሰር፣ እኔ ባስተማርኳት።

ወደ ብሩ ውስጥ ወረደ። ለስስ ሐሩ በተተወው ቦታ ገመዱ ልክ ገባ። ቼንግዪ ክዳኑን በሁለት እጁ ይዞ አስቀመጠ፤ እጁን አነሳ።

እፍፍፍ።

የብሩ ረዘም ያለ ነው፤ የቼንግዪ ሥራ እንደ ራሱ ትንፋሹ ብዙ ነው። የብሩ ሳጥን ወደ ድንጋዩ ሳጥን ገባ፤ በዙሪያው የእትዬ ፓን ድርጭቶች፣ የደረት ጨርቁ፣ መቀነቱ፣ ጥምጥሙ፣ እጅጌዋ ተሞሉ። ሞቅ ያለ ጎጆ ሆነ። የድንጋዩ ክዳን ተገጠመ። ወደ ጓዳው ሲወርድ የጥላው ጫፍ ገና ደረጃው ላይ ነበር፤ የመጨረሻዋ መነኩሲት ከማኅተሙ ቀጥታ ወደ ማድ ቤት ስትሮጥ ጫማዋ ወለቀ።

የጎሳው ታላቅ ወደ ሽማግሌዬ መጣ። ጺሙን ዳበሰ፣ እንደገና ዳበሰ። በመጀመሪያ አልገባም ነበር ሊል ሲጀምር እትዬ ፓን ከኋላው ቆማ ስለነበር ተወው። አማጯ ዕቃዋን ጠቀለለች፤ ለመንገድ ደረቅ ኮክ ሰጠኋት፤ የሊያንግጆው ነፋስ ለእሷም ነፋስ ነው።

ሽማግሌዬ በምርኩዙ እየዳሰሰ አሉዋን አጠገብ ደረሰ። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም።

«ነገ ምድጃውን አንቺ ለኩሺው» አላት።

ቼንግዪ ይህን ሲሰማ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘረጋ። እንግዲያው ጠዋት መተኛት እችላለሁ አለ፤ ከአፉ የወጣው ምስጋና ከአፌ ሊወጣ የነበረውን ሁሉ ቀደመው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አሉዋን ወደ መሥሪያው ወረደች። ተከተልኳት፤ እሳት ስትለኩስ እጅጌዋ ረጅም ነው፣ ይያዛል። ደግሞም ይበርዳል። ካባ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ፣ በዚያ የቅርጫቱ ዘመን እቆም በነበረበት። እንጨቱን ደረደረች፣ ፍሙን ነፋች፤ ነበልባሉ ሲነሳ ፊቷ ቀላ። ካባውን ደርቤላት ገባሁ። አላወለቀችውም።

ፀሐይ ሳትሞቅ ከወንዙ ማዶ ካለው ገዳም መልእክተኛ መጣ። የትናንቱን ወሬ ሰምተዋል፤ እነሱም እንዲህ ያለ ሳጥን ይፈልጋሉ፤ ገመዱም ጨምሮ። አሉዋን ስንት ሴቶች ጨርቅ ይሰጣሉ ብትለው መልእክተኛው ሳቀ፤ የእኛ ሴቶች ከናንተዎቹ የባሱ ናቸው አለ።

አሉዋን አዲሱን የወርቅ ቅጠል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። መለኪያውን አነሳች። ከዚያ እንደገና አስቀመጠችውና ወደ በሩ ቀና አለች።

«አያቴ፣ ስንት ጣት ልተው?»

በሕይወቴ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ትንሽ ካልኩ ይጠባል፤ ብዙ ካልኩ ይንከባለላል፤ ደግሞ የእነሱ ሴቶች የባሱ ናቸው ተብሏል። ሁለት አልኩ። ቆይ አልኩ። ሽማግሌዬ ጥጉ ላይ የተኛ መሰለ፤ አላንኮራፋም። ሦስት ይሁን አልኩ በመጨረሻ፤ እሷም ሦስት ብላ ምልክት አደረገች።

ልብስ ላጥብ ወንዝ ወርጄ ሳስበው ግን፣ አራት ቢሆን ምን ነበረበት።